የቅዳሜው የጥንዶች ስልጠና ገንዘቡን ያዋጣል ወይ?

ባጭሩ ልመልስ። ሁለታችሁም በፈቃዳችሁ የምትሄዱ ከሆነ ያዋጣል። አንዱ ሌላውን እየጎተተ የሚወስደው ከሆነ ግን ብሩን ለሌላ ነገር አውሉት። ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ።

የምሠራው ፋርማሲ ውስጥ ነው፣ እዚሁ ጅማ። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ቡና ጭኖ አዲስ አበባ ይመላለሳል። ስልጠናውን መውሰዳችንን የሰሙ ደንበኞች የግፊት መድኃኒት ሊገዙ ይመጡና፣ ሒሳብ ከፍለው ሲጨርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እንዴት ነው ግን፣ ይጠቅማል?» ይሉኛል። ከኋላ ሰው ተሰልፎ እያየ ስለ ትዳር ማውራት አይመችም። ስለዚህ ጻፍኩት። የአዘጋጆቹን ስም አልጠራም። የምወቅሳቸው ነገር አለኝ፣ ስም ማጥፋት እንዳይሆንብኝ። ጅማ ደግሞ ይሄን ያህል ሰፊ አይደለችም፤ የፈለገ ጠይቆ ያገኛቸዋል።

ስልጠናው ስለ ስሜታዊ ጥንካሬ ነው፣ በፍቅርና በትዳር ውስጥ። ስድስት ቅዳሜ ከሰዓት ይሰጣል፣ ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ። ለባልና ሚስት 4,500 ብር ነው፤ ቀድሞ ይከፈላል። ያላገቡ ፍቅረኞችም ይቀበላሉ። እኛ ዙር ላይ ሁለት እጮኛሞች ነበሩ፤ ከሁላችንም በላይ ማስታወሻ የሚይዙት እነሱ ነበሩ።

ቦታው የቤት ዕቃ መሸጫ ፎቅ ላይ ያለ አዳራሽ ነው። የቫርኒሹ ሽታ እስከ ላይ ይወጣል። ታች ያ ሁሉ የጅማ በርጩማና ሶፋ ተደርድሮ፣ እኛን የፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀመጡን። ሦስት ሰዓት ሙሉ ፕላስቲክ ላይ ተቀምጦ ስለ ትዕግሥት መማር የራሱ ፈተና አለው። «ሻይ ቡና አለ» ያሉትም ከጠዋት የተፈላ የፔርሙዝ ቡና ነው። ጅማ ላይ! ሳምቡሳው ግን ጥሩ ነበር፤ ሐቁን መናገር ነው።

አሰልጣኞቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ከአዲስ አበባ እየተመላለሰ የሚያስተምር ሰውዬ ነው፤ ስላይድ ይወዳል። ሁለተኛዋ እዚሁ የምትኖር የአእምሮ ሕክምና ነርስ ናት፤ ሁላችንም «ሲስተር» ነበር የምንላት። የሰውዬው እውቀት ጥሩ ነው። ምሳሌዎቹ ግን ሁሉ ቦሌ ናቸው። «ባል በትራፊክ ተጨናንቆ ሁለት ሰዓት አምሽቶ ሲገባ…» ይላል። እዚህ ባል ከሥራ ሲወጣ በባጃጅ አሥር ደቂቃ ነው። ያመሸ እንደሆነ የት እንዳመሸ ሁላችንም እናውቃለን፤ ጫት በርጫ ላይ ነው። ሲስተር ይሄን አንስታ ስትናገር ነው አዳራሹ የነቃው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ በትርጉምና በመግቢያ አለቀ። ያንን ብትዘሉት እንኳ ብዙ አይቀርባችሁም። አንድ ነገር ግን ያዝኩ። እኛ ከእናቶቻችን የሰማነው ምክር «ቻይው፣ ያልፋል» ነው። የሽማግሌም ምክር መጨረሻው ብዙ ጊዜ «ተቻቻሉ» ነው። እነዚህ ሰዎች የሚጠይቁት ሌላ ነው። ተጣላችሁ፤ እሺ፣ ከተጣላችሁ በኋላ እንዴት ነው የምትመለሱት? በምን ያህል ጊዜ? ቀድሞ የሚናገረውስ ማን ነው? ስልጠናው ሙሉውን የሚያጠነጥነው በዚህ ዙሪያ ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ቅዳሜ ለእኔ የብሩን ዋጋ ከፍሎታል። አሰልጣኙ ጆን ጎትማን ስለሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነገረን። ሰውዬው ሲያትል በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ባልና ሚስቶችን እያስቀመጠ፣ ሰውነታቸው ላይ መለኪያ አያይዞ፣ የሚያጣላቸውን ጉዳይ እንዲነጋገሩ ያደርግ ነበር። የልብ ምታቸውን ይቆጥር፣ ፊታቸውን በካሜራ ይቀርጽ ነበር። ከዚያ በየጊዜው እየተከታተለ የትኞቹ እንደቆዩ፣ የትኞቹ እንደተለያዩ ያይ ነበር። ትዳር የሚያፈርሱ አራት ነገሮችንም ለይቷል፦ ሰውየውን ራሱን መንቀፍ፣ ንቀት፣ ለሁሉ ነገር ሰበብ ማቅረብ፣ እና ኩርፊያ። ንቀት ከሁሉ ይብሳል ይላል። አራቱ ስክሪኑ ላይ ሲወጡ አዳራሹ ውስጥ ክርን ለክርን መጎሻሸም ተጀመረ። ባለቤቴም ጎሸመኝ። እኔም አራተኛውን በጣቴ አሳየሁት።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የልብ ምቱ ነገር ነው። ሰው ሲጣላ ልቡ በደቂቃ ከ100 በላይ መምታት ከጀመረ፣ የሚነገረውን በቅጡ አይሰማም። መልስ ቢሰጥም መልስ አይደለም። ሰውነት እስኪረጋጋ ቢያንስ 20 ደቂቃ ይፈልጋል። ጎትማን አንድ ጊዜ ጭቅጭቁ መሀል ላይ ጥንዶቹን «ይቅርታ፣ መሣሪያችን መስተካከል አለበት፤ እስከዚያ ስለ ጉዳዩ ሳታወሩ መጽሔት አንብቡ» ብሎ አስቆማቸው። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተው ሲቀጥሉ ልባቸው ረግቷል፤ ወሬያቸውም ሌላ ሆኗል። ጉዳዩ ያው ነው፤ ሰዎቹም ያው ናቸው።

አሰልጣኙ ይሄን እየተናገረ ሳለ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። ሐምሌ ነው፤ የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ። ማይክ ቢይዝም አይሰማም። ሲስተር ተነሳችና በእጇ ምልክት አሳየችን፦ ሁለት ጣት የባለቤታችሁ አንጓ ላይ፣ ከአውራ ጣቱ በታች። 15 ሰከንድ ቁጠሩ፣ በ4 አባዙ። ስልኳን ከፍ አድርጋ ሰዓት ያዘች። አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ የትዳር ጓደኛውን እጅ ይዞ ይቆጥራል። ከአጠገባችን ሸምገል ያሉ ባልና ሚስት ነበሩ። እናትየዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይስቃሉ፤ አባትየው «ዝም በይ እስቲ፣ አሳሳትሽኝ» እያሉ ደግመው ከአንድ ይጀምራሉ። እኔ የሰው ምት ስቆጥር ስንት ዘመኔ ነው፤ የባለቤቴን ግን ቆጥሬ አላውቅም ነበር።

እዚህ ላይ እንደ ሙያዬ አንድ ነገር ልጨምር፤ ስልጠናው ላይ አልተነሳምና። ፕሮፕራኖሎል ወይም አቴኖሎል የምትወስዱ ሰዎች በዚህ ቁጥር አትመኩ። እነዚህ መድኃኒቶች የልብ ምትን ያዘገያሉ። ውስጣችሁ ነዶ፣ ጣታችሁ ግን 75 ሊቆጥር ይችላል። ጫት ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ የልብ ምትንም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። ከበርጫ የመጣ ሰው ሳይናደድም 100ን ሊያልፍ ይችላል። ይሄን በዕረፍት ሰዓት ለሲስተር ነገርኳት። እሷም ስንመለስ ለሁሉም ተናገረች፤ «ቁጥሩ ካልሆነላችሁ መንጋጋችሁን እዩ፤ ድምፃችሁን ስሙ» አለች። ቀጠለችና ምርቃና ላይ የተነሳ ወሬ ሁሉ የሚፈታ ይመስላል፣ ምርቃናው ሲወርድ የተነሳው ደግሞ ሁሉ ያስከፋል፤ ከባድ ጉዳይ ለሁለቱም ሰዓት አታምጡ አለች። ዱካክ፣ ከጫት በኋላ የሚመጣው ቅዠትና ድብርት፣ ምን እንደሆነ ለማታውቁ አሰልጣኞች ጅማ ስትመጡ እንዲህ ያለ ሰው አጠገባችሁ አስቀምጡ።

ሲስተር ያስተማረችን ደንብ አንድ ነው። ስትግሉ አቁሙ፤ ስትወጡ ግን የምትመለሱበትን ሰዓት ተናግራችሁ ውጡ። ሰዓት ሳይናገሩ መውጣት ኩርፊያ ነው። ተናግሮ መውጣት ግን ዕረፍት ነው። በዕረፍቱ ጊዜ ደግሞ ክስ ማዘጋጀት አይቻልም። «ስመለስ እንዲህ እላታለሁ» እያሉ ሃያ ደቂቃ መዞር ልብን አያበርድም፣ ይብስ ያነደዋል።

ባለቤቴ እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ ነበር የሚከታተለው። እጁን አወጣና «ይሄማ የጊቤ ቁልቁለት ነው» አለ። «ከወልቂጤ ስትወርድ፣ ጭነት ይዘህ ፍሬን ብቻ እየረገጥክ ከሄድክ ይግላል። ከጋለ በኋላ ብትረግጠውም አይዝም። ዳር ይዘህ ትቆማለህ፣ ይበርድልሃል፣ ትቀጥላለህ። ሹፌር ሲቆም ማንም ፈሪ አይለውም።» ሰው አጨበጨበለት። እኔ ተገረምኩ፤ ቤት ውስጥ ይሄን ያህል አረፍተ ነገር በተከታታይ አይናገርም።

ቤት ውስጥ ሠራ ወይ? ይሄን ነው ሁሉም የሚጠይቀኝ። አንዱን ቀን ልንገራችሁ። ባለቤቴ አጋሮ ላሉት እናቱ የቤት ክዳን ቆርቆሮ ገዝቶ ልኳል፤ እኔ ከሌላ ሰው ሰማሁ። ማታ ሲመጣ ጀመርኩለት። ፊቱ ተለወጠ። ድሮ ቢሆን ቁልፉን አንስቶ ይወጣል፤ ሁለት ቀን ቤት ውስጥ የሚናገረው ሬዲዮ ብቻ ነው። በዚያ ማታም ቁልፉን አነሳ። በሩ ላይ ግን ቆመና «አሁን ግያለሁ። መኪናውን አሳጥቤ ሁለት ሰዓት ላይ እመጣለሁ፤ ያኔ እናወራለን» አለኝ።

እኔም ምስር መልቀም ያዝኩ። ሰፌዱን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ጠጠሩን ወደ አንድ በኩል። የምለውን ማሰብ ስጀምር ሲስተር ትዝ ትለኛለች፤ ወደ ምስሩ እመለሳለሁ። ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሲል ስልኬ ጮኸ። «ወረፋ ይዞኛል፤ ሃያ ደቂቃ ጨምሪልኝ» አለ። ቆርቆሮው ተገዝቷል፣ ብሩም ወጥቷል፤ በዚያ ማታ የተፈታ ነገር የለም። እሱ ግን ተጣልተን ሳለ ደውሎ ጊዜ ጠየቀኝ። በትዳራችን እንዲህ ሆኖ አያውቅም። መጣ፤ ተነጋገርን፤ እራታችንን አብረን በላን። ሁልጊዜ እንዲህ ይሆናል ብዬ አላታልላችሁም። መንገድ ላይ ሆኖ በስልክ ስንጣላ ደንቡ አይሠራም፤ ስልክ መዝጋት ይቀላል። ይሄን ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ጠየቅኩ። የተሰጠኝ መልስ «በስልክ ከባድ ጉዳይ አታንሱ» የሚል ነበር። ለሹፌር ሚስት ይሄ መልስ አይሆንም። ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ ላለ ሰው መቼ ላንሳለት ታዲያ?

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ቁጥር አለ፤ ብዙ ጥንዶችን ያረጋጋ። በጎትማን ጥናት 69 በመቶ የሚሆነው የባልና ሚስት ጭቅጭቅ ጨርሶ የማይፈታ ነው። ከባሕርይ፣ ከአስተዳደግ የሚመጣ ስለሆነ እየተመላለሰ ይነሳል። የሚዘልቁትም ጥንዶች ጉዳዩ አላቸው፤ ያወሩበታል፣ ይስቁበታል፣ ይተውታል፣ እንደገና ይነሳል። የአጋሮ ብር ለእኛ እንዲያ ነው። አንድ ሰውዬ ግን ይሄ አልተዋጠለትም። ተነሳና «ታዲያ በመጨረሻ ጥፋተኛው ማን ነው?» አለ። ሽማግሌ ፊት የቀረበ ነው የመሰለው። ሚስቱ ኮቱን ይዛ አስቀመጠችው።

አምስት ለአንድ የሚባለውም ተነስቷል። ማለትም በጭቅጭቅ መሀል እንኳ ለአንድ ክፉ ነገር አምስት ደግ ነገር ካለ ትዳሩ ይቆያል ነው። ይሄንን ስላይድ ያለልክ አስረዘሙት። ሰው ደግ ነገር እየቆጠረ መዋል ሲጀምር ደግነቱ ይጠፋል፤ የእኔ አስተያየት ነው።

የቤት ሥራው ደግሞ ጥሩ ሐሳብ ነበር፣ አያያዙ ተበላሸ እንጂ። ኤሊ ፊንከል የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተመው ጥናት ነው መነሻው። 120 ባልና ሚስቶችን ለሁለት ዓመት ተከታተሉ። በመጀመሪያው ዓመት የሁሉም የትዳር እርካታ እየቀነሰ ሄደ። በሁለተኛው ዓመት ግማሾቹ በየአራት ወሩ 7 ደቂቃ ብቻ እንዲጽፉ ተደረገ፦ ለሁለታችሁም መልካም የሚመኝ፣ ለማንም የማያዳላ ሰው ጠባችሁን ቢያይ ምን ይላል? የጻፉት ጥንዶች እርካታ መውረዱ ቆመ፤ ያልጻፉት ጥንዶች ግን መውረዱን ቀጠለ። እኔ ስጽፍ በልቤ ያስቀመጥኩት የሰፈራችንን ሽማግሌ ነው። ሁለታችንንም ልጆች ሆነን ያውቁናል። እሳቸውን አስቤ ስጽፍ፣ ባለቤቴን የምከስበት ቃል እጄ ላይ ይለሰልሳል።

ችግሩ የቤት ሥራውን ፎቶ አንስተን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንድንልክ መጠየቃችን ነው። ግሩፑ ውስጥ ማን አለ? የጎረቤቴ እህት አለች፤ የባለቤቴ ጓደኛ አለ፤ የልጄ አስተማሪ አለች። በዚህች ከተማ የቤቴን ገበና ቴሌግራም ላይ ልለጥፍ? ብዙዎቻችን እምቢ አልን። አዘጋጆቹ «ግዴታ አይደለም» አሉ፤ ግን የላኩ ሰዎች ነበሩ፤ የላኩትም አልተሰረዘላቸውም። የምትመዘገቡ ከሆነ ከመጀመሪያው ቀን ይሄን ጠይቁ። ወረቀቱ ቤት ይቅር።

የቋንቋውም ነገር አለ። ስልጠናውም፣ የሚታደለው ወረቀትም በአማርኛ ብቻ ነው። አፋን ኦሮሞ የሚቀናቸው ጥንዶች ነበሩ፤ ሲስተር ከጎናቸው ተቀምጣ ትተረጉምላቸው ነበር። ለአንድ ሰው ይሄ ብዙ ሥራ ነው። ሰርተፊኬት በሁለት ቀለም ከማተም ወረቀቱን በሁለት ቋንቋ ማተም ይሻል ነበር። ሰርተፊኬቱንማ ምን እንደምናደርገው እስካሁን አልገባኝም፤ ባለቤቴ መኪናው ውስጥ ልስቀለው ብሎ አስቆኛል።

አሁን ወደ ዋናው ወቀሳዬ። በመጀመሪያው ቀን አሰልጣኙ «ዱላ ያለበት ቤት ይሄ ስልጠና አይሆነውም፤ እንዲህ ያለ ችግር ያለባችሁ ንገሩን» አለ። ማለቱ ትክክል ነው። ነገሩ፣ ይሄን የተናገረው ባሎችና ሚስቶች ጎን ለጎን በተቀመጡበት ነው። የምትመታ ሴት ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ እጇን ታወጣለች? ፋርማሲ ውስጥ እንኳ ለቁስሏ ቅባት ስትጠይቅ «በር መታኝ» ነው የምትለው። ምዝገባ ላይ እያንዳንዱን ለብቻ ጠርቶ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? «ስትግሉ ዕረፍት ውሰዱ» የሚለው ምክር ሁለት ሰው እኩል በሚናገርበት ቤት ነው የሚሠራው። አንዷ በምትፈራበት ቤት፣ ረግታ እንድትጽፍና ራሷን በእሱ ቦታ እንድታስቀምጥ ማስተማር ጉዳት ነው። ይሄን ለአዘጋጆቹ ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ። ለሚቀጥለው ዙር እናስተካክላለን ብለዋል። አስተካክለው እንደሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

ሌላም የማይሆንላቸው አሉ። እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ ያስጠላው፣ መኖር የሰለቸው ሰው ስልጠና አይደለም የሚያስፈልገው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ መጀመሪያ እዚያ ይታይ። ሲስተርም ይሄንኑ ደጋግማ ብላለች።

ገንዘብ መመለስ የለም። ከሁለተኛው ቅዳሜ በኋላ አንዳችሁ ብታቋርጡ ሌላው ብቻውን መቀጠል ይችላል፤ ግማሹ ብር ግን አይመለስም። ለብቻ መመዝገብም አይቻልም፤ ባሏ አልመጣም ያለ አንዲት ጓደኛዬ ተመልሳለች። ለመመዝገብ የምትሄዱ ሲስተር መኖሯን አረጋግጡ። እሷ የሌለችበት ዙር ከሆነ እኔ አልከፍልም። ካለች ግን ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ እንዳትቀሩ፤ ከግድግዳው በኩል ተቀመጡ፣ መሀል ላይ ጣሪያው ያፈሳል።